ወይኑን የነቀለችው ይመኙሻል

ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ብርዱ ለዘብ ፀሐዩም ጠንከር ከሚልበት መደብ፣ የአንድ ደብር የወይን ቦታ ነበር። ፍሬው ይደርቅና ዘቢብ ሆኖ ለቅዳሴ ይቀርባል። ቦታውን ያቀኑት መሪጌታ ገብረአማኑኤል ወንድ ልጅ አልነበራቸውም። በ1945 ዓ.ም. ሲያርፉ ጠባቂነቱን ለልጃቸው ለይመኙሻል ተናዘዙላት። ካህናቱ ቅር አላቸው፤ የሟች ቃል ነውና ተቀበሉት።

ይመኙሻል እጇ ለተክል የተፈጠረ ሴት ነበረች። ባሏ ታመነ ሸማኔ ነው፤ እሱ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ መወርወሪያውን ሲያመላልስ እሷ ወይኑ ውስጥ ትውላለች። ዝናዋ ሲሰማ፣ ከደብረ ሲና በታች ካለች አንዲት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ችግኝ የሚለምኑ መጡ። ሥር ያወጣውን መርጣ፣ እንዳይደርቅ ከነአፈሩ በቅጠል ጠቅልላ ሰጠቻቸው።

በ1952 ዓ.ም. ወይኑ ታመመ። ቅጠሉ ተጣሞ እንደ ማራገቢያ ተኮማተረ፣ መልኩም ወደ ቢጫ ዞረ። ዘለላው አበባውን አራግፎ ምስር የምታህል ፍሬ ብቻ አንጠለጠለ። በሽታው ከአንድ ጥግ ተነሥቶ፣ ነጠላ ላይ እንደ ፈሰሰ ዘይት ዙሪያውን እየሰፋ ሄደ። ጠበል ተረጨ፤ ፍግ ተደፋ፤ ለውጥ የለም። አንዳንዱ ዓይን ነው አለ። አንዳንዱ ደግሞ እየሰማች «ድሮስ የሴት ጥበቃ!» ይል ጀመር። ይመኙሻል ከዚያ ወዲያ በሥርዓት ተኝታ አታውቅም።

በሁለተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ ወልደተንሣኤ የሚባል ወጣት የእርሻ ባለሙያ ከደብረ ብርሃን በበቅሎ መጣ። ሥራው ከገብሱ፣ ከባቄላው፣ ከድንቹ ሥር እፍኝ እፍኝ አፈር እያነሣ በከረጢት መቋጠር ነበር። ባላገሩ «አፈር ለቃሚው» ይለዋል። ይመኙሻል መንገድ ላይ ጠበቀችው።

«ጌታዬ፣ ከእኔም ወይን ሥር ይውሰዱ።»

«እሜቴ፣ የታዘዝኩት ለእህል ነው። ወይን አልተባልኩም።»

«ወይንስ ከአፈር አይደል የሚበቅለው?» የበቅሎውን ልጓም ያዘች።

«ይልቀቁኝ እንጂ፣ መንገዴ ሩቅ ነው።»

«የምቆፍረው እኔ ነኝ። የእርስዎ ፋንታ መሸከም ብቻ ነው።»

ወጣቱ ሳቀና ወረደ። ከታመመውም ከጤነኛውም፣ ቀጫጭኑ ሥር ካለበት ጥልቀት ድረስ አስቆፍሮ ወሰደ።

ወራት አለፉ፤ ወሬ የለም። ይመኙሻል ስንቋን ቋጥራ፣ ጋቢዋን ደርባ ደብረ ብርሃን ወጣች። ወልደተንሣኤን መድኃኒት መድኃኒት በሚሸት ጠባብ ክፍል ውስጥ አገኘችው። ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አድርጎ ሲያሳያት መጀመሪያ ያየችው የራሷን ሽፋሽፍት ነበር። ቆይቶ ግን ነጭ ክር የመሰለ ነገር ውሃው ውስጥ ሲጠማዘዝ አየች።

«ይሄ ሕይወት አለው?»

«አለው። ኔማቶድ ይባላል፣ በዓይን የማይታይ የአፈር ትል ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ከገብስ ሥር ያገኘሁት ሌላ፣ ከድንች ሥር ያገኘሁት ሌላ። ይሄኛው አፉ ውስጥ ረጅም መርፌ አለው። የታመመውን ሥር ይወጋል፣ ቀጥሎ ጤነኛውን ይወጋል። ቫይረስ የሚባለውን በሽታ እንዲህ እያለ ያሻግራል።»

«በሽታውንስ ያሳዩኛ!»

«እሱ በዚህ መሣሪያ አይታይም። በቅርብ ዓመታት ባሕር ማዶ ያሉ ሊቃውንት መርምረው የደረሱበትን ነው የምነግርዎት። ትሉም የቅጠሉም መልክ እነሱ ካሉት ጋር ገጥሞልኛል።»

«ሌላ አገርስ አለ?»

«የእርስዎን ካየሁ ወዲህ ወይን ባገኘሁበት ሁሉ ቆፍሬአለሁ። አረርቲ አካባቢ ያለው ንጹሕ ነው። ከደብረ ሲና በታች፣ አንዲት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ግን አለ። የሚገርመኝ በሁለታችሁ መሐል ባለው አገር የለም። ትሉ በራሱ ሩቅ አይሄድም፤ አፈርና ሥር የሚያጓጉዝ ሰው ነው የሚያደርሰው።»

ይመኙሻል አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። «ችግኙን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።»

«አላወቁም ነበር፣ እሜቴ።»

«አሁን አወቅሁ። ምን ይደረግ?»

«መንቀል ነው። ሥሩን አንድ ሳያስቀሩ አውጥቶ ማቃጠል። ትሉ በተረሳ ሥር ላይ ዓመታት ይኖራል፤ ስለዚህ ቦታው ለረጅም ጊዜ ወይን ማየት የለበትም።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይመኙሻል ደጀ ሰላሙ ላይ ቆማ ሁሉንም ተናገረች። የደብሩ አለቃ ኪዳነ ማርያም ቆጡ።

«አባትሽ የተከሉትን ልትነቅይ? ከነሕመሙም ቢሆን የቤተ ክርስቲያን ነው!»

«አባቴ፣ ወላጅ አባቴ የተከሉት እየሞተ ነው። ዛሬ ግማሹን ብንሰስት ነገ ሕመሙን ለሌላው መሬት እናወርሳለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

«ቅዳሴው ይታጎል ነው የምትዪ?»

«ዘቢቡን ከነጋዴ አመጣለሁ። በእኔ ይሁንብኝ።»

አለቃ «እንግዲህ በቃልሽ ያዝኩሽ» ብለው ሄዱ።

በጋውን በሙሉ ነቀለች። ታመነ መወርወሪያውን ሰቅሎ አብሯት ቆፈረ። የአባቷ የመጀመሪያ ተክል ጋ ሲደርሱ ዶማውን ጣለችና ዞር ብላ አለቀሰች፤ ከዚያ ራሷ ነቀለችው። ጭሱ ቁልቁለቱን ሲሸፍነው አላፊ አግዳሚው አማተበ።

የደብረ ሲናው ከዚህ ይብስ ነበር። የዚያች ቤተ ክርስቲያን ቄሰ ገበዝ ነገሩን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ።

«በረከት ብለን የተቀበልነው መርገም ኖሯል!»

«አዎን አባቴ። ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ የማወጣውም እኔ ነኝ» አለችና ዶማዋን አነሣች። የመጀመሪያውን ቀን ብቻዋን ዋለች። በማግስቱ አንዲት መነኩሲት ቅርጫት ይዘው ሥር ሊለቅሙላት መጡ፤ ቀጥሎም የሰፈሩ ሰው። ሲጨርሱ ቄሰ ገበዙ መስቀል አሳለሟት። ወይን ግን ዳግመኛ አልተከሉም፤ ልባቸው ተሰብሮ ነበር።

ይመኙሻል አሮጌውን መደብ ገብስ ዘራችበት። ሦስት ዓመት እንዳለፈ ጎረቤቱ «እስከ መቼ?» ብሎ ወተወታት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እያለች መለሰች። ለአዲሱ ወይን ራቅ ያለ፣ ወይን በቅሎበት የማያውቅ መሬት መረጠች። አረርቲ ድረስ ሄዳም ከንጹሑ ተክል ሥርም አፈርም የሌለበት ቁራጭ ቅርንጫፍ ብቻ ቆርጣ አመጣች። ዶማውም ለብቻው ሆነ፤ ወደ ገብሱ መሬት የገባ መሣሪያ ወደዚያ አያልፍም። በየዓመቱ ለቅዳሴ የሚሆነውን ዘቢብ፣ ታመነ በሚሸምነው ጋቢ እየለወጠች አንድም ጊዜ ሳታስታጉል አቀረበች።

በ1962 ዓ.ም. አዲሱ ወይን ጥሩ አፈራ። አለቃ ኪዳነ ማርያም አርጅተው፣ በምርኩዝ እየተደገፉ ሊባርኩት ወረዱ። ይመኙሻል በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው።

«አባቴ፣ በገብሱ በኩል ነው የመጡት። ጫማዎን ሳያራግፉ አይገቡም።»

«እኔንም?»

«እርስዎንም።»

አለቃ አንዴ እሷን፣ አንዴ ጫማቸውን አዩ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን አወለቁና ጭቃውን በእንጨት ይፍቁ ጀመር።