ሁዳዴ የያዘው ሞተር

ጃማ ባለፈው ሳምንት ስልክ ደወለልኝ። እንደ ልማዱ ከልጅ ልጆቼ ጀምሮ እስከ ጉልበቴ ሕመም አንድ በአንድ ጠየቀኝና በመጨረሻ፣ «ሙሉ፣ ያ ነገር ደርቋል። ምላሱን የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ መጥተሽ እዪልኝ አቦ» አለኝ። «ያ ነገር» ምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። በእኔና በእሱ መካከል እንደዚያ የሚጠራ አንድ ዕቃ ብቻ ነው ያለው። ያም ዕቃ የእኔ መሆን ሲገባው፣ እሱ ቤት ቡፌ ላይ እንደተቀመጠ እኔ አርጅቻለሁ።

በማግሥቱ ቀፊራ ገበያ ወርጄ ቃጫ ገዛሁ። ሻጯ ልጅ ጠቅልላ እየሰጠችኝ፣ «ለገመድ ነው እማማ?» አለችኝ።

«ለሞተር ነው።»

«ሞተር ደግሞ ከመቼ ወዲህ በቃጫ ይሠራል?» ብላ ሳቀች። ብነግራት ይገባት ነበር። ግን ከጀመርኩ ማቆም እንደማልችል ስለማውቅ፣ ፀሐዩም አናት የሚበሳ ስለነበር፣ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ለእሷ ያልነገርኳትን ለእናንተ ልንገራችሁ። ንስሐ የምገባ እንዳይመስላችሁ ግን። በጃማ ላይ ያደረግኩት አንድም ክፉ ነገር የለም። ቀናሁበት፣ በቃ። ቅናቱም እስከ ዛሬ አለቀቀኝም።

አባቴ ጋሽ ደምሴ የእንፋሎት ሰው ነበር። በወጣትነቱ የባቡር ወርክሾፕ ውስጥ በከሰልና በውሃ የሚሄዱትን ባቡሮች ሲጠግን ኖሮ፣ ናፍጣ ሲመጣ ናፍጣውንም ተማረ። ፍቅሩ ግን እዚያው የቀድሞው ላይ ቀረ። አንድ ልማድ ነበረው። የእንፋሎት መገጣጠሚያ ጠግኖ ሲጨርስ መዳፉን ከላዩ ያስጠጋል፣ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል ያደርጋል፣ ትንሽ ይጠብቃል። የሚሾልክ እንፋሎት እጁን ካልነካው፣ «ይዟል» ይላል። ጎሽ የለ፣ በርታ የለ፣ ሌላ ምስጋና አያውቅም። እናቴ የሠራችው ወጥ የጣፈጠው ቀን እንኳ ጉርሻውን ውጦ «ይዟል» ይላት ነበር።

እኔን አንድ ቀን «ይዟል» ብሎኝ አያውቅም። ወንድም ስላልነበረኝ ይሁን ስለወደደኝ እንጃ፣ ሞረድ አያያዝ ያስተማረኝ ገና በልጅነቴ ነው። በበሩ ጥግ ተቀምጬ ብረት ስሞርድ ነው ያደግኩት። ሥራዬን ስሰጠው አውራ ጣቱን በጠርዙ ላይ ያሳልፍና፣ «ደህና ነው፤ ትንሽ ይቀረዋል» ይለኛል። ሁልጊዜ ትንሽ ይቀረዋል። ያ የቀረው ትንሽ ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ስል ስንት የትምህርት ቤት እረፍት እንደጨረስኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጃማ የክፍሌ ልጅ ነበር። አባቱ መጋላ ሰፈር ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። አንድ ቀን ሒሳብ ሊጠይቀኝ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ ተሻግሮ ቤታችን መጣ፣ አባቴን አገኘ፣ ሒሳቡን ረሳው። ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ቀጥታ እኛ ጋ ነው። ሲጠይቅ አያፍርም፤ ይሄ ምንድነው፣ ያ ለምን ይሆናል፣ ባይሆንስ? አባቴ እኔን ሲያስተምር እጁን እጄ ላይ አድርጎ በዝምታ ነው። ጃማን ሲያስተምር ግን ይስቅ ነበር። የሳቁ ድምፅ ጓዳ ድረስ ይሰማኛል፤ የያዝኩትን ሽንኩርት ጥዬ እወጣለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ በወጣትነቱ ስላየው አሮጌ ማሽን አወራን። ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ውሃ ለመሳብ የታሰበ የእንፋሎት ሞተር ነበር፤ ግን ፒስተን የለውም። ጠመኔ አነሳና የግቢያችን የብረት በር ላይ ሣለልን። «የባቡሩ ፒስተን ይሄዳል፣ ይመለሳል» አለ። «መሄድ መመለሱን ወደ መዞር የሚለውጥ ክንድ ይፈልጋል፣ ክራንክ ይፈልጋል። ለመዞር ብሎ ስንት ይመላለሳል! ይሄ ግን ከመጀመሪያውም ይዞራል።»

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ጎኑ በክዳን የተዘጋ የናስ ከበሮ አስቡ። ውስጡ ሌላ ትንሽ ከበሮ አለ፤ መሃል ላይ ግን አይደለም፣ ወደ አንድ ወገን ተጠግቶ ግድግዳውን ይነካል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍት ቦታ እንደ ጨረቃ ነው፤ ከጠባብ ተነስቶ ይሰፋል፣ ተመልሶ ይጠባል። በትንሹ ከበሮ ዙሪያ ስንጥቆች አሉ፤ በየስንጥቁ ጠፍጣፋ ናስ ከነሞላው ተሰክቷል። ሞላው ከሥር ሲገፋው ናሱ ይወጣና የትልቁን ከበሮ ግድግዳ እየላሰ ይሄዳል። ስለዚህ ምላስ አልነው። እንፋሎቱ በጠባቡ በኩል ይገባል፣ መስፋት ይፈልጋል፣ ሲሰፋ ምላሱን ይገፋል፣ ምላሱም ከበሮውን ከነዘንጉ ያዞረዋል። ዙሪያውን ጨርሶ በወዲያኛው ቀዳዳ ሲወጣ ሌላ ምላስ ቦታውን ይተካል።

«ታዲያ ይሄን የመሰለ ነገር ለምን ተጣለ?» አለ ጃማ።

«ስለሚያፈስ ነዋ» አለ አባቴ። «ፒስተን ክብ ነው፤ ቀለበት ታለብሰዋለህ፣ ያርፋል። ምላስ ግን ማዕዘን አለው። እንፋሎት ማዕዘን ካገኘ ሾልኮ ያልፋል። ከሰሉን ይበላል፣ ሥራ የለም። የድሮ ሰዎች የምላሱን ጫፍ ቦይ አውጥተው፣ በሞራ የተነከረ ቃጫ ይጠቀጥቁበት ነበር። ሞራ እንፋሎት ቶሎ አያጥበውም።»

በዚያው ሳምንት ሥራ ጀመርን። ከበሮዎቹን አባቴ በቶርኖ ማሽን ቀርጾ አወጣ፤ የውሃ ማፍያውንም፣ እንዳንፈነዳ ብሎ፣ ከነመተንፈሻው ራሱ ሠራው። ክዳኖቹን ጃማ ቆርጦ በሳ። ምላሶቹ የእኔ ነበሩ። ሁዳዴ ገብቶ ነበር። ድሬ ላይ ሁዳዴ ሲገባ ሙቀቱም አብሮ ይገባል፤ ናሱ ከመሞረዴ በፊት እጄን ያቃጥለኛል። ጾሜን ውዬ፣ ላቤ አይኔ ውስጥ እየገባ፣ በምላሱና በግድግዳው መካከል የሲጋራ ወረቀት እንኳ እንዳያልፍ አድርጌ ሞረድኳቸው። ይህን ጊዜ «ይዟል» ካላለኝ መቼም አይለኝም ብዬ ነበር።

የቀረው ሞራው ነው። አባቴ ጉሮሮውን ጠራርጎ ለእናቴ ነገራት።

«ሞራ? በሁዳዴ?» አለች እናቴ።

«ለመብላት እኮ አይደለም አስካለ፤ ለሞተሩ ነው» አለ፣ ጣሪያ ጣሪያ እያየ።

«ሞተሩም ይጹም!»

ነገሩ በዚያ አለቀ። ያን ሁሉ ባቡር የገራ ሰው በእናቴ ፊት ምንም አልነበረም። «እስቲ በኑግ ዘይት እንሞክረው» አለኝ ቀስ ብሎ። ቃጫውን ዘይት አጠጣሁት።

እሑድ የአባቴ የእንፋሎት ዘመን ጓደኞች መጡ። ከኒሟ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የምስር ሳምቡሳ በሻይ እየበሉ ይጠብቃሉ። ማፍያውን የላምባ ምድጃ ላይ ጣድነው፣ ውሃው ፈላ፣ አባቴ ቧንቧውን ከፈተ። መጀመሪያ ዘይቱ በየክዳኑ ዳር እየተንጣጣ ወጣ፤ ቀጥሎ እንፋሎቱ ከየአቅጣጫው ፉጨት ለቀቀ። ዘንጉ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ደምሴ፣ ሻዩ ፈልቷል፣ ስኳር አምጣ!» አለ አንደኛው።

«ተዉት፣ ሁዳዴ ይዞት ነው!» አለ ሌላው። ግቢው በሳቅ ተሞላ። አባቴም አብሮ ሳቀ፤ ግን ንጹሕ የነበረ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ፣ ሲጠርግ ቆየ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ጃማ አልሳቀም፣ አላለቀሰም። ሲመሽ ሞተሩን በጆንያ ጠቅልሎ፣ «ነገ አመጣልሃለሁ ጋሼ» አለና ሄደ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም፤ አባቴም ከእሱ አፍ «አንተ» መባሉን ይወደው ነበር።

በማግሥቱ ይዞት መጣ። ማታ እናቱ ጓዳ የበግ ላት አቅልጦ፣ የእኔን ቃጫ አውጥቶ፣ በላት የተነከረ አዲስ ቃጫ ጠቅጥቆበት ነበር። ማፍያውን ጣድን። እንፋሎቱ ሲገባ ሞተሩ ሳል ሳል አለው፣ ትኩስ ውሃ ተፋ፣ ምላሶቹ ቀጭ ቀጭ አሉ፣ ከዚያ ድንገት ዘንጉ ዞረ። ቀጭ ቀጩ ጠፍቶ አንድ ወጥ ድምፅ ብቻ ቀረ። የላቱ ሽታ ግቢውን ሞላው። ጥብስ ጥብስ የሚል ሽታ፣ በሁዳዴ፣ ባዶ ሆድ ላይ! ምራቄን ዋጥኩ። አባቴም ሲውጥ አየሁት።

አባቴ መዳፉን ወደ ክዳኑ አስጠጋ። አንገቱን ዘንበል አደረገ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ትንፋሼን ይዣለሁ።

«ይዟል» አለ። ዞር ብሎ ጃማን ትከሻውን ጨበጠው። «ዋርያ! ይዟል እኮ!»

በሱማልኛ፣ በልጁ ቋንቋ ጠራው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ለእኔ የተረፈኝ ፈገግታ ነው፤ እሱም ትከሻውን አልፎ የመጣ። ምላሶቹ የእኔ ናቸው። ላቱ የበጉ ነው። ከጃማ ይልቅ ለበጉ ምስጋና ይገባው ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ዛሬም የማስበው እንደዚያው ነው።

ያን ጊዜ እናቴ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ብቅ አለች። «ይሄ ሞራ የነካው ዕቃ እስከ ፋሲካ ከዚህ ግቢ ይውጣልኝ!»

«እኛ ጋ ይቆያል እትዬ አስካለ» አለ ጃማ፣ ከአፏ ቀበል አድርጎ። ሞተሩ ከነማፍያው ሄደ።

ፋሲካ መጣ፣ ዶሮው ተበላ፣ ሞተሩ አልመጣም። እኔ አልጠይቅም አልኩ። እናቴ ብታነሳው አባቴ፣ «እዚያው ይቆይ፣ ልጁ ደህና ይዞታል» አላት። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የተተኮሰ ሸሚዙን እንደለበሰ፣ የደቻቱን አሸዋ እያቋረጠ መጋላ ይወርዳል፤ ሞተሩ ሲዞር ሊሰማ። ሲመለስ ልብሱ ላት ላት ይሸታል። አንድ ጊዜ ነይ ቢለኝ እሄድ ነበር ልላችሁ አስቤ ነበር። ውሸት ነው። ደጋግሞ ነይ ብሎኛል፤ አልሄድኩም። አባቴ የሞተ ጊዜ ጃማ ከእኔ በላይ አለቀሰ። በዚያም ቀናሁ።

ከሁለታችን የማሽን ሰው የወጣው የለም። እሱ የአባቱን ሱቅ ወረሰ፤ እኔ አስተማሪ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ።

አሁን የሚኖርበት ሳቢያን ሰፈር ስደርስ ጃማ በከዘራ ተደግፎ በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር። ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፎ ሞተሩን አስቀምጦታል፤ አጠገቡ በሣህን የቀለጠ ላት። እኛ ደግሞ ሁዳዴ ላይ ነን። እናቴ ብታይ ከመቃብር ትነሳብኝ ነበር። እጅጌዬን ሰብስቤ ክዳኑን ፈታሁ። ቃጫው ደርቆ እንደ ገለባ ሆኗል። ምላሶቹ ግን እነዚያው ናቸው፤ የሞረዴን ጭረት አየሁት፣ በጣቴም ዳሰስኩት።

«አልቀየርካቸውም?»

«እንዴት ልቀይር? ጋሼ ከልክሎኛል። ሌላውን እንደፈለግክ፣ ምላሱን እንዳትነካ፣ እንደዚህ የሚሞርድ ሰው ድሬ ላይ የለም ብሎኝ ነበር።»

«እንደዚህ አለህ?»

«ወላሂ፣ ሁልጊዜ። አልነገረሽም እንዴ?»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን የቀናሁት ቅናት! ያን ሁሉ ዘመን የጠበቅኩትን ምስጋና እንኳ የተቀበለው እሱ ነው። አዲሱን ቃጫ ላቱ ውስጥ ነክሬ በየቦዩ ጠቀጠቅኩ፣ ክዳኑን ገጠምኩ፣ ብሎኑን አጠበቅኩ። ያቺ የአባቴ ማፍያ ዛሬ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ነው የምትጣደው። ውሃው ሲፈላ ቧንቧውን ከፈትኩ። ሞተሩ ሳል አለው፣ ተፋ፣ ዞረ።

ጃማ ከዘራውን ጥሎ መዳፉን ወደ ክዳኑ አስጠጋ። አንገቱን ዘንበል አደረገ፤ ወደዚያው ወደ ግራ። ጠበቀ።

«ይዟል» አለ።

የአባቴ ድምፅ ነበር። የቃሏን መሃል ሳብ አድርጎ መጨረሻዋን ዋጥ የሚያደርጋት፣ ያቺው። እነዚያ ሁሉ እሑዶች በዚህ ሰው ጉሮሮ ውስጥ ገብተው ተቀምጠዋል። እኔ እሑድ እሑድ ቤቴ ተቀምጬ ስኮራ ያመለጠኝ ይሄ ነው። ቢሆንም ዛሬ የተባለው ለእኔ ነበር፤ ጃማ ሲናገር የሚያየው እኔን ነው።

«ውሰጂው ሙሉ» አለኝ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ። «የአባትሽ ነው። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ልጆቼም አይፈልጉትም።»

ሞተሩን አየሁት። ቡፌዬ ላይ የማስቀምጥበትን ቦታ እንኳ ለስንት ዘመን ሳስብ ኖሬያለሁ። ቤቴ ወስጄ ባዞረው ግን መዳፉን አስጠግቶ የሚጠብቅ ማን አለ?

«ሞራ የነካው ዕቃ በሁዳዴ ቤቴ አይገባም» አልኩት። «እዚሁ ይቆይ። ለፋሲካ መጥቼ አስነሳዋለሁ።»