የጆቴ ተራ

ልብስ ሰፊው አብተው ናዝሬት ገበያ አጠገብ ባለችው ጠባብ ሱቁ ውስጥ ከመርፌና ከክር ቀጥሎ የሚወደው አንድ ጨዋታ ነበር። ራሱ የፈጠረው ነው። በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ የሌለ አገር ሥሎ፣ ለወንዙም ለተራራውም ስም አውጥቶ፣ እሑድ ከምሳ በኋላ ሁለት ጓደኞቹን ጠረጴዛው ዙሪያ ያስቀምጣል። አንደኛው የባቡር ጣቢያው ሠራተኛ ወልደአማኑኤል፣ ሁለተኛው የደራው ልጅ መምህር ጆቴ ነበሩ። በዕጣ አንዱ ንጉሥ፣ አንዱ ዳኛ፣ አንዱ ሽፍታ ይሆናል፤ ሁሉም የደረሰውን ሰው ሆኖ ይናገራል። ክርክር ሲነሣ ከጆቴ ኮት የተበጠሰች ቁልፍ ወደ ላይ ትወረወርና በወደቀችበት ገጽ ይፈረዳል። የማይጣስ ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ የቀረ ሰው ተራ አይዘለልም፣ እስኪመጣ ይጠበቃል።

በ1970 ኅዳር ንጉሥነቱ ለጆቴ ደረሰው። ሽፍታውን በያዘው ቁጥር ይምረዋል፣ ሽፍታው ደግሞ ተመልሶ ይዘርፈዋል። አቤት ያን ጊዜ የሳቁት ሳቅ!

በዚያው ሰሞን አሰሳ መጣና ወረቀቱ ከአብተው ሱቅ ተገኘ። የቀበሌው ካድሬ ሕዝቡን ሰብስቦ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ አሳየ።

«ጠረጴዛ ከበው የሌለ አገር የሚገዙ ሰዎች ሦስት ዓይነት ናቸው» አለ። «ሥራ ፈት፣ ጫት ያዞረው፣ አለዚያም ዘውድ የናፈቀው የፊውዳል ትራፊ!»

ሰውየው በልጅነቱ እንኳ ተጫውቶ የሚያውቅ አይመስልም። ቀጥሎ ከልቡ ግለሂስ ያደረገ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ተናገረ።

ወልደአማኑኤል የአብተውን ክንድ ጨመቅ አድርጎ «የልብስ ንድፍ ነው በልና ተቀመጥ» አለው በሹክሹክታ።

አብተው ግን ግለሂስን እንደ ንስሐ ቆጠረው። በእናቱ ቤት ለንስሐ አባት ግማሹን ተናግሮ ግማሹን መደበቅ ነውር ነበር። ደግሞስ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራ የለ? ተነሥቶ አንድም ሳያስቀር ተናገረ፤ ስለ ዕጣው፣ ስለ ቁልፏ፣ ስለ ሽፍታው።

«ንጉሡ ማን ነው?» አለ ካድሬው።

«ጆቴ ነው። ዕጣ ደርሶት እኮ ነው ጓድ። ደግ ንጉሥ ነው፣ ሁሉን ይምራል።»

ካድሬው የጆቴን ስም ጻፈ። ዕጣውን አልጻፈም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና አብተው ቃሉን ሊመልስ ቢንተባተብ የሚሰማው አጣ። ጆቴ ከስብሰባው መሃል ሲወስዱት ዞር ብሎ አየው። ቢቆጣው ምን ነበር! አልተቆጣም፤ አብተውን የገደለው ይሄ ነው።

የጆቴ እናት ወይዘሮ ሎሚ በየሳምንቱ ከደራ ስንቅ እያመጡ እስር ቤቱ በር ይቆሙ ጀመር። በሦስተኛው ወር ዘበኛው ምግቡን ሳይነካ መለሰላቸው። የተመለሰ ስንቅ ምን ማለት እንደሆነ በከተማው የማያውቅ አልነበረም። እሳቸው ግን ሌላ ቦታ አዛውረውት ነው ብለው የልጃቸውን ኮት ይዘው ወደ አብተው ሱቅ መጡ።

«አካም ጂርታ፣ ልጄ? ይችን አጥብብልኝ። እስር ቤት ያከሳል። አንተ ጓደኛው ነህ፣ ልኩን ታውቃለህ። አንድ ቁልፍም ጎድሏል።»

አብተው ከወንበሩ ወርዶ እግራቸው ላይ ወደቀ።

«አዴ ሎሚ፣ ንጉሥ ነው ብዬ ስሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ!»

እጃቸው ራሱ ላይ ሊያርፍ ሄዶ መንገድ ላይ ቀረ።

«ሰፋ አድርገህ እንዳትተወው» አሉ በመጨረሻ። «ከስቶ ነው የሚመጣው።» ኮቱን ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ።

አብተው እያለቀሰ ኮቱን አጠበበ። ከመሳቢያው ቁልፏን አውጥቶ በቦታዋ ተከላት። ዓመታት አለፉ፣ ኮቱን የሚወስድ ሰው አልመጣም። ወልደአማኑኤል አንዳንድ እሑድ ብቅ ብሎ፣ ያ ጨዋታ እንዲያው ቀረ ወይ ይለዋል። አብተው ቀና ብሎ የተሰቀለውን ኮት ያይና «ተራው የጆቴ ነው» ይለዋል።