የሁለተኛዋ የስፌት መኪና ባለቤት

የአክስቴ የልብስ ስፌት ቤት ፒያሳ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነበር። ሁለት የስፌት መኪናዎች ነበሯት። በአንዷ ራሷ ትሰፋለች፤ ሁለተኛዋ አቡጀዴ ለብሳ ጥግ ትቀመጣለች። እኔ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት ያቆምኩ፣ ሰው ቀና ብሎ ካየኝ አንገቴን የምደፋ ልጅ ነበርኩ። መስፋት ግን እችል ነበር። ከዚያች መኪና ሌላ የምመኘው ነገር አልነበረኝም።

"እትዬ፣ ፋሲካ እኮ ደረሰ። በሁለቱም ብንሰፋስ?" እላታለሁ።

"እስቲ እናያለን።"

የምናየው ምን እንደሆነ አይገባኝም ነበር። በንጉሡ ጊዜ ጨርቁን በጣቶቿ አሸት አድርጋ "ይሄ ይሸጣል" ካለች አለቀ፤ ጣቃውን አሸክማ ትመጣለች። አብዮቱ ከመጣ ወዲህ ጨርቅ ማየት ትታ ሰው ማየት ጀመረች። በሩን ቀለም ላስቀባ ትልና "አማረላት ይሉኛል" ብላ ትተወዋለች። አበባ ያለበት ቀሚስ መስኮቱ ላይ ትሰቅልና ምሳ ሳይደርስ አውርዳ ካኪ ሱሪ ትተካበታለች። እኔንም መኪናዋ ላይ ያላስቀመጠችኝ ለዚሁ ነው። "ቀጥራ ታሠራለች ካሉኝ በዝባዥ ሆንኩ ማለት ነው፤ መኪናዋን ወስደው ለልብስ ሰፊዎች ማኅበር ይሰጧታል" ትላለች። ስለዚህ የእህቷ ልጅ ሆኜ፣ ቁልፍ ስተክልና ስተኩስ እውላለሁ።

ጎረቤታችን የወሎ ሰው ነው፤ ጨርቅ ይነግዳል። አንድ ቀን አቡጀዴውን አይቶ፣ "መኪናዋ ሞታ ነው የገነዛችኋት? እንግዲያው እንቅበራት!" አለ። አክስቴ አልሳቀችም።

ሥራው ሲከመርባት ግን፣ "በይ ቁጭ በይ" አለችኝ። "ሰው ከመጣ እማዬ በይኝ። ደግሞ እትዬ እንዳትይኝ!"

እኛ ቤት አክስት እትዬ ናት፤ ከልጅነቴ ሌላ ስም አላውቅላትም። ችግሩ፣ የቤት ሠራተኛም አሠሪዋን እትዬ ነው የምትላት።

በማግስቱ የቀበሌው ሰው መጣ።

"ጓዲት፣ ይህችስ ማን ናት?"

"ልጄ ናት።"

ወደ እኔ ዞረ። "እናትሽ ናቸው?"

እንድታድነኝ ወደ አክስቴ አየሁና፣ "እትዬ..." አልኩ።

"እትዬ!" ብሎ ሳቀ። "እናቷን እትዬ የምትል ልጅ ዛሬ ገና አየሁ። ስንት ይከፍሉሻል?"

"ምንም።" እውነቴን ነበር።

"ያለ ደመወዝ? ይሄማ ከብዝበዛም የባሰ ነው!"

የበር ቀለም ለመወሰን ስንት ወር የፈጀችው አክስቴ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳትወስድ፣ "መኪናዋ የራሷ ናት!" አለች። "የእህቴ ልጅ ናት፤ እናቷ ገዝታላት ነው። እኔ ጥጉን ብቻ ነው የሰጠኋት።"

አፍንጮ በር ያለችው እናቴ እንኳን መኪና፣ መርፌ መግዣም አልነበራት።

ነጋዴው ከበሩ ላይ ሆኖ፣ "እኔ ምስክር ነኝ! ስትመጣም አይቻለሁ" አለ፤ ማንም ሳይጠይቀው።

የቀበሌው ሰው ሦስታችንንም አየን። "የራሷ ከሆነች ትስፋባት። በማልፍበት ጊዜ መኪናዋ ላይ ሌላ ሰው ካገኘሁ፣ ወይም ባዶዋን ካገኘኋት፣ ለማኅበሩ ናት" ብሎ ወጣ።

አክስቴ በርጩማው ላይ ዘፍ አለች። "ምላስሽን ይቁረጠው! አንዲት ቃል አቃተሽ?" እኔ ግን መስፋት ጀምሬ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ከመኪናዋ መነሣት ተከለከልኩ። ጉንፋን ቢይዘኝ እዚያው፣ የሚሰፋ ባይኖር እዚያው። ውሃ ልጠጣ ብዬ ብነሣ፣ "ኧረ ተቀመጪ፣ ሰውየው ሊያልፍ ይችላል!" ትለኛለች። አንድ ቀን እንደምንም ደፍሬ የሥራዬን እንድትከፍለኝ ጠየቅኋት።

እጇን አገጯ ላይ አድርጋ አየችኝ። "ምን ጉድ ነው! ባለ መኪና ደግሞ ደመወዝ ይጠይቃል?"

ነጋዴው ከወዲያ ሲስቅ ይሰማኛል። ፔዳሉን ረገጥኩት፤ ክሩ ተበጠሰ።