በሁዳዴ የተደፋ ወተት

እትዬ ፈትለወርቅ ጎሬ ከተማ ቤት የሚያከራዩት እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ነው። ተከራይ ሲመርጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይጾም እንደሆነ ነው። ወጣቷን መምህርት የምስራችን ግን አንገቷ ላይ ማተብ ስላዩ ሳይጠይቁ ተቀበሏት።

በሁዳዴ መካከል የምስራች ወደ ዲዴሳ ቆላ ወርዳ ለቅሶ ደርሳ ስትመለስ ወባ ያዛት። ጤና ጣቢያ ኪኒን ሰጧት። ጠዋት እትዬ ፈትለወርቅ ሊጠይቋት ሲገቡ በአንድ እጇ ኪኒኑን፣ በሌላው ወተት ይዛ አገኟት።

«በሁዳዴ? በእኔ ግቢ?»

«እትዬ፣ ከወተት ጋር ውሰጂ ብለውኝ እኮ ነው።»

«ኪኒን በውሃ አይዋጥም? ሰበብ አታብዢ!»

ብርጭቆውን ነጥቀው ደጅ ደፉት፤ ጎረቤት እስኪሰማ እየተቆጡ ወጡ። የምስራች አፍራ የቀረውን ኪኒን በባዶ ሆዷ በውሃ ዋጠችው። ትኩሳቱ በረደላትና ሥራ ገባች።

ከፋሲካ በኋላ ግን አገረሸባት። ተማሪዎቿ ፊት ወደቀች፤ መቱ ሆስፒታል ወስደው አስተኟት።

እትዬ ፈትለወርቅ አጥሚት ይዘው ሲደርሱ ነርሷ ገለኔ በሽተኛዋን እየጠየቀቻት ነበር።

«ያኔ ኪኒኑን በምን ወሰድሽው?»

«በውሃ።»

«ቅባት ያለው ነገር ብዪበት አላሉሽም? ይሄ መድኃኒት የሚሟሟው በቅባት ነው። ያለሱ ወደ ደም የሚገባው ጥቂቱ ነው፤ ሌላው እንዲሁ በሆድ ያልፋል። ጾም ቢሆን እንኳ አቮካዶ ወይም ለውዝ ይበቃሽ ነበር።»

የምስራች እትዬ ፈትለወርቅን አየቻቸውና ዓይኗን መለሰች። «ረሳሁት» አለች።

እትዬ ፈትለወርቅ ፊታቸው ነደደ። ብትቆጣቸው ይሻላቸው ነበር።

«አልረሳችም» አሉ። «ወተቱን የደፋሁባት እኔ ነኝ።»

ሌሎቹ አስታማሚዎች ዘወር ብለው አዩዋቸው። ገለኔም «አይዞዎት፣ አዴ፤ አሁን ትድናለች» ብላ ወጣች።

የንስሐ አባታቸው በሽተኛ ጾም አይገደድም አሏቸው። እሱንማ ድሮም ያውቁት ነበር፤ ያሳፈራቸውም ይኸው ነው። ያን ጠዋት ቁጣቸውን ወደ ሰሙት ጎረቤቶች ቤት እየሄዱ «ልጅቷን የበደልኳት እኔ ነኝ» ብለው ተናገሩ።

የምስራች ዳነች። ይቅርታቸውንም ተቀበለች፤ ቤቱን ግን ለቀቀች። ገበያ ላይ ሲገናኙ ጉንጫቸውን ስማ ደህንነታቸውን ትጠይቃለች። እሳቸው ግን የሚቆሙት ካየቻቸው ብቻ ነው፤ ካላየቻቸው ነጠላቸውን ሳብ አድርገው በሌላ መንገድ ያልፋሉ።