የቅጹ የመጨረሻ ጥያቄ

ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሰው ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ወዳለው የውሻ መጠለያችን ይመጣል። ከቄራ ፈረቃው በቀጥታ ቢመጣም ሸሚዙ የተተኮሰ ነው፤ እጁ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። የጫማውን በረዶ በር ላይ አራግፎ ይገባና፣ በአውሮፕላን ከሜክሲኮ ካመጣነው ቡናማ ውሻ ፊት ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ውሻውን ሦስት ወር ሙሉ በእንግሊዝኛ ብንጠራው ጆሮውን እንኳ ስላላቆመ፣ በሽቦ ቤቱ በር ላይ «አይሰማም» የሚል ካርድ ለጥፈናል።

ባለፈው ቅዳሜ ሰውዬው በገዛ ቋንቋው፣ በስፓኒሽ፣ «ና እስቲ፣ ሽማግሌው» አለው። ውሻው ብድግ ብሎ አፍንጫውን በሽቦው መሃል ሰደደ።

ባልደረባዬ ማርሊን ክው አለች። «ደንቆሮ መስሎን እኮ ነው!»

«ይሰማል» አላት፣ ዓይኑን ከውሻው ሳይነቅል። «የሚያናግረው አጥቶ ነው።»

ውሻውን ወስዶ ለማሳደግ የሚሞላውን ቅጽ ሰጠሁት። በዚህ ከተማ የኖረበት ዘመን፦ አሥራ አንድ ዓመት። ሁሉንም በጥንቃቄ ሞልቶ መጨረሻው ላይ ደረሰ፦ «እርስዎ ቢታመሙ ወይም ቢሄዱ ውሻውን ማን ይረከባል?»

ብዕሩ ቆመ። ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አኖረ። ባዶውን መስመር ትክ ብሎ አየው።

«እህቴ፣» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያንቺ ስም እንዴት ነው የሚጻፈው?»