የተቆረጡት ወራጆች

ጓሮዬ ያለችውን የጣውላ ዕቃ ቤት የሠራልኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። አናጢ ነበር። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ትቶ መጋዝ ያዘ፤ እኔ በእሱ መጋዝ ተምሬ ሶዶ ውስጥ የአማርኛ መምህር ሆንኩ። ይህን ቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የማወራው ነገር የበለጠ የሚያሳፍረኝ በዚህ ምክንያት ስለሆነ ነው።

ሥራውን ጨርሶ የሄደ ዕለት ዞር ዞር ብዬ አየሁት። በሩ ልክ፣ ቆርቆሮው ልክ። በእንሰቱ በኩል ግን የጣሪያው ወራጅ እንጨቶች ከግድግዳው አልፈው ክንድ ክንድ ያህል ወጥተዋል። ከሥራቸው ጣውላው ላይ በእርሳስ አንዲት ቃል ተጽፋለች፦ «ይቀጥላል»። ሳቄ መጣ። የሬዲዮ ድራማ ሲያበቃ የሚባለው ነገር ነው። ሌላ ሥራ አስቸኩሎት፣ ጫፋቸውን መጥቶ ሊከረክም የተዋቸው መሰለኝ። በማግስቱ መምህራን ክፍል ገብቼ «የእኔ ዕቃ ቤት ክፍል ሁለት አላት» ብዬ አሳቅኩባት።

ወራት አለፉ፣ ሊከረክም አልመጣም። አንድ ቀን ትንሿ ልጄ የማገዶ ክምር ላይ ወጥታ ስትዘል አንዱ ወራጅ ግንባሯን መታት። ተናደድኩና ራሴ መጋዝ አንስቼ ወራጆቹን ከግድግዳው እኩል ቆረጥኳቸው። ቁራጮቹ ማገዶ ሆኑ።

ቆይቶ የከተማው መንገድ ሲሰፋ ወንድሜ እዚሁ ሶዶ የተከራየው የሥራ ቤት ፈረሰ። ጠዋት ቤቴ መጣ።

«ጠረጴዛዬንና ዕቃዎቼን አንተ ጋ ላስቀምጥ? እየመጣሁ እዚሁ እሠራለሁ» አለኝ።

«ጋሼ፣ የት ላድርገው? በቆሎውም መጽሐፉም ሞልቶታል፤ ቦታ የለም እኮ።»

በእንሰቱ በኩል ዞረ። ተከተልኩት። የተቆረጠውን ወራጅ ጫፍ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ቆረጥከው?»

«ልጆቹን እየመታ አስቸገረ። አንተ እንደሆንክ ጠፍተህ ቀረህ።»

«ይሁን» አለ። ሥራውን ሳይጨርስ በመቅረቱ ያፈረ መሰለኝና፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ትንሽ ደስ አለኝ። ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። ጠረጴዛውን ጋሪ ላይ ጭኖ ሁምቦ፣ የአባታችን ቦታ ላይ ወዳለው ቤቱ አወረደው፤ የሚያስገባበት አጥቶ ከደጅ አኖረው።

ብዙ አልቆየም፣ ታመመ። ኦቶና ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ በየቀኑ ከአልጋው አጠገብ እቀመጥ ነበር። ስለ ልጆቼ ትምህርት ይጠይቀኛል እንጂ ያንን ነገር አንድም ቀን አላነሳብኝም። በዚያው ሞተብኝ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ሚስቱ ደወለች። «የወንድምህን ዕቃ ዝናብ እየጨረሰው ነው። ቦታ ካለህ ውሰድልኝ» አለች። ቦታ ካለህ ስትል፣ ወንድሜን ቦታ የለም ያልኩት ትዝ አለኝ። በዚያው ሳምንት ዕቃ ቤቷን የሚያሰፋልኝ አናጢ ጠራሁ።

አናጢው ዕቃ ቤቷን ዞሮ አየና በእንሰቱ በኩል ቆመ።

«ይሄንን ማነው የቆረጠው?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን ነካዎት መምህር? ሰውየው ለመቀጠያ እኮ ነው የተዋቸው። እንጨት ቀጥሎ፣ ቋሚ አቁሞ ቆርቆሮ መምታት ብቻ ነበር የሚቀረን። ይኸው ጽፎልዎታል፤ ይቀጠላል ይላል።»

«ይቀጥላል ነው የሚለው» አልኩ፤ የማረም ልማድ አይለቅም።

«ያው ነው» አለና ሜትሩን ዘረጋ።

ያው አይደለም። «ጠ»ን «ጥ» ብሎ ጽፏታል፤ ስህተቱ ይህቺው ናት። መጥቼ እጨርሰዋለሁ አላለኝም። ይህቺ ቤት ትሰፋለች፣ መቀጠያዋን ትቼልሃለሁ ነው ያለኝ። ቦታውን ሠርቶ ሰጥቶኝ ነበር፤ እኔ ቆርጬ ማገዶ አደረግሁና ቦታ የለም አልኩት። አንዳንዴ ደግሞ በእሱም እናደዳለሁ። ምናለ ያን ጠዋት አፉን ከፍቶ ቢነግረኝ? ግን ነግሮኛል፣ በጽሑፍ። ስንት ዓመት የተማሪ ፊደል ሳርም ኖሬ የወንድሜን አንዲት ፊደል ማንበብ አቃተኝ።

አናጢው በየወራጁ ጫፍ አዲስ እንጨት ገጥሞ፣ ግራና ቀኝ ቁራጭ ጣውላ እያስደገፈ በሚስማር ቀጠለው። ጥሩ ይዟል፤ መጋጠሚያው ላይ ግን ጣሪያው ትንሽ ጎበጥ ብሏል። የተጻፈበትን ጣውላ አንስቶ እዚያ ጋ በር ሊያወጣ ነበር፤ በሌላ በኩል አውጣው ብዬ ለመንኩት። አሁን ጽሑፉ ከውስጥ ሆኗል። ጠረጴዛው በጋሪ ከሁምቦ መጣ፤ ዝናቡ አጣሞታል፣ የመላጊያው ስለትም ዝጓል። ስለቱን ዘይት ቀብቼ ጠረጴዛውን ከጽሑፉ ሥር አስጠጋሁት።

በቆሎ ላወጣ በገባሁ ቁጥር ቃሏን አነባታለሁ። ፊደሏን አላረምኳትም። ክፍሉ ካሰብኩት በላይ ሰፊ ሆኗል፤ ጠረጴዛው ገብቶም፣ ከፊቱ አንድ ሰው ቆሞ የሚሠራበት ቦታ ተርፏል።