ለጀግኖቹ ቤተሰብ ያዋስኩት ድምፅ

ፊልሙን ስንት ጊዜ እንዳየሁት እንጃ፤ ድምፁን ግን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። ሪያድ ውስጥ ዑረይጃ በሚባል ሰፈር በሠራሁበት ቤት ቴሌቪዥን ማየት አይከለከልም፣ ሙዚቃ መስማት ግን ሐራም ነው። የምጠብቃት ልጅ አያት፣ እኔ ማማ የምላቸው፣ «ሥዕሉ ይታይ፣ ዘፈኑ ግን ከቤቴ አይገባም» ብለው የሪሞቱን የድምፅ ቁልፍ በፕላስተር አሽገውታል። ስለዚህ እዚያ ቤት ፊልሙ ላይ ሕንፃ ሲፈርስ እንኳ ኮሽ አይልም።

ልጅቷም ኮሽ አትልም ነበር። አምስት ዓመት ሊሞላት ነው። እናትና አባቷ ሲፋቱ እናቷ ጅዳ ወዳሉት ቤተሰቦቿ ተመለሰች፣ ልጅቷ እዚህ ከአባቷና ከአያቷ ጋር ቀረች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አፏን አልከፈተችም። ሐኪሞቹ ጆሮዋም ምላሷም ጤነኛ ነው ብለዋል። የእናቲቱ ነገር በቤቱ አይነሳም፣ ስልክም አይደወልላትም። እኔ የተቀጠርኩት ብዙ ያገሬ ልጆች ታፍሰው ወደ አገር ከተመለሱበት ዓመት በኋላ ነው፤ ሥራ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ስለ ልጅቷ ዝምታ ብዙም አልጠየቅሁም።

ተረጋግታ የምትቀመጠው ያ ፊልም ሲከፈትላት ብቻ ነው። የካርቱን ፊልም ነው። ወደብ ባላት አንዲት ከተማ አንድ ቤተሰብ ይኖራል። አባትየውን እሳት አያቃጥለውም። እናትየው እንደ ጥላ ስስ ሆና በበር ሥር ትሾልካለች። ወንዱ ልጅ ከከተማው ማዶ የሚንሾካሾከውን ይሰማል። ትንሿ ደግሞ ስሙን የጠራችው ነገር ሁሉ ይመጣላታል፤ ድመት ብትል ድመት፣ ዝናብ ብትል ዝናብ። ቀን ቀን ጭምብላቸውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈው እንደ ማንም ሰው ይኖራሉ።

አልዋሽም፣ እኔም ወደድኩት። ባባ፣ ማለትም የልጅቷ አባት፣ ሥራ ሲሄድ የውጭውን በር ከውጭ ይቆልፈዋል፤ በበር ሥር የምትሾልከውን ሴትዮ ሳይ ምን እንደሚያምረኝ መናገር አያስፈልግም። ከሁሉም በላይ የምወደው ግን ሌላ ቦታ ነው። ከተማውን አድነው ሲመለሱ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቁጭ ብለው ስለ ሾርባው ጨው ይጣላሉ። እዚያ ሲደርስ መጥረጊያዬን ግድግዳ አስደግፌ እቆማለሁ። የእኔ ቤተሰብ አንዱ ደሴ፣ አንዱ ጅቡቲ፣ አንዷ ቤይሩት ነው፤ ተሰብስበን የተጣላነው መቼ እንደሆነ እንኳ አላስታውስም። በሥዕል ሰዎች ቀናሁ፤ ደህና አድርጌ ነው የቀናሁት።

ድምፅ መስጠት የጀመርኩት በጨዋታ ነው። ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ማማ ይተኛሉ። መጋረጃው ወርዶ ሳሎኑ ይደበዝዛል፣ የቴሌቪዥኑ ብርሃን የልጅቷ ፊት ላይ ይመላለሳል፣ እኔ ከኋላዋ ልብስ አጥፋለሁ። አንድ ቀን አባትየው ሾርባውን ቀምሶ አፉን ሲከፍት በአጎቴ ድምፅ «ይሄ ሾርባ ነው ወይስ ባሕሩን ቀድታችሁ ነው ያመጣችሁልኝ?» አልኩለት። ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ትኩር ብሎ ያየኝ ሰው የለም። በዓረብኛ ማድረግ ነበረብኝ፤ ግን የእኔ ዓረብኛ የወጥ ቤት ዓረብኛ ነው፣ ከ«አምጪ» እና ከ«ጥረጊ» አያልፍም፣ በእሱ ጀግና ማናገር አይቻልም።

ለእናትየው የእናቴን አነጋገር ሰጠኋት። እናቴ የሞተችው ስደት ከመውጣቴ በፊት ነው። ነገር ስትጀምር ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ ስትጨርስ «በይ እንግዲህ» ትላለች። ሁለቱንም ጨመርኩበት። ፊልሙ ውስጥ ትንሿ ልጅ እናቷን ስትጠራ ደግሞ «እማ፣ ነይ» አስባልኳት። በየቀኑ እንዲህ እየተጫወትን ወራት አለፉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አቧራ መጣ። ሰማዩ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ የጡብ መልክ ያዘ፣ ከዚያ በጠራራው ቀን ጨለመ። መብራት ጠፋ። ኮንዲሽነሩ ሲቆም ቤቱ ጭር አለ። እኔ ወጥ ቤት ነኝ፣ አቧራው እንዳይገባ መስኮቱ ሥር እርጥብ ጨርቅ እጎሰጉሳለሁ። ሳሎን ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

ጨርቁ ከእጄ ወደቀ። ያንን ጉሮሮ አውቀዋለሁ።

«ዛሬም በሩን ከፍታችሁት ወጣችሁ? ንፋሱ ገባ እኮ። በይ እንግዲህ» አለ ድምፁ። ቢስሚላህ እያልኩ ግድግዳውን ይዤ ሄድኩ። ልጅቷ የጠፋው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣለች። ጥቁሩ መስታወት ላይ የራሷ ፊት ይታያል፣ አፉም ይንቀሳቀሳል፤ ከእሱ ጋር ፊልሙን ትጫወታለች። በአጎቴ ተናግራ በእናቴ ትመልሳለች። ከወሎ ይዤው የመጣሁት አነጋገር ሳይቀር አንድም አልጎደለም።

እኔን ያስፈራኝ ግን «ንፋሱ ገባ» ያለችው ነው። ያንን ፊልሙ ውስጥ ብዬው አላውቅም። እናቴ ቤታችን ውስጥ የምትለው ነው። ልጅቷ የምትተኛው እኔ ክፍል ስለሆነ በእንቅልፌ ሳወራ ሰምታኝ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ዛሬም የምለው ይህንኑ ነው።

ፍርሃቱ ሲበርድልኝ ደስታው መጣ። ልጅቷ እኮ ተናገረች። በማግስቱ ልብስ ላሰጣ ጣሪያ ስወጣ ጎረቤት ቤት ለምትሠራው ያገሬ ልጅ በግንቡ ላይ አሻግሬ ነገርኳት። የልብስ መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣችና «እህቴ፣ አብደሻል እንዴ?» አለችኝ። «ዝም ያለች ልጅ በሠራተኛዋ ቋንቋ አፍ ፈታች ሲባል ምን የሚሉ ይመስልሻል? ሲህር ነው የሚሉት፣ ደገመችባት ነው የሚሉት። ኸላስ፣ ወደ አገር የሚመልሱሽ እንዳይመስልሽ፣ እስር ቤት ነው።»

«ፊልም እኮ ነው ያየነው።»

«እሱን ለዳኛው ንገሪው፣ ኢንሻአላህ ይገባዋል» አለችና ቅርጫቷን አንስታ ወረደች። ቀልድ አልነበረም። በድግምት ተከሰው የታሰሩ ሴቶችን ወሬ ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊልሙን አፌን ዘግቼ ማየት ጀመርኩ። ለልጅቷም ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ አሳየኋት። ወዲያው ገባት፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ገባት። ጭምብላቸውን እንደሚደብቁት ሰዎች እኛም የምንደብቀው ኃይል ያለን መሰላት። ሰው ካለ ዝም ትላለች፤ ብቻችንን ስንቀር በሹክሹክታ በእናቴ ድምፅ ታናግረኛለች። እቃ ሳጥብ ከኋላዬ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሳህን የሰበርኩበት ቀን አለ።

ምን እንደታያት እንጃ፣ አንድ ቀን ማማ የከሰዓቱን የዓስር ሶላት ሲሰግዱ ከኋላቸው ሄዳ ቆመች። ግንባራቸው ምንጣፉን እንደነካ ጉሮሮዋን ጠርጋ «በይ እንግዲህ» አለቻቸው። ማማ ሶላታቸውን አቋረጡ። ሶላት ሲያቋርጡ አይቻቸው አላውቅም። ሻንጣዬ ተፈተሸ፤ የሚፈልጉት ለድግምት የተቋጠረ ክር ወይም የልጅቷን ፀጉር ነበር፣ አላገኙም። ቴሌቪዥኑ ላይ አንሶላ ጣሉበት። ብዙም ሳይቆይ ቁርኣን እየቀሩ ጂን የሚያስወጡ ሸይኽ ተጠሩ።

ሸይኹ ቀጭን ዘንግ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ልጅቷን ባባ ጭን ላይ አስቀምጠው መቅራት ጀመሩ። እኔ የሻይ ትሪ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ቁርኣን የተቀራበት ውኃ ሲረጭባት ልጅቷ ደንግጣ «እማ፣ ነይ። እማ፣ ነይ» እያለች ጮኸች።

«ይህ የምን ቋንቋ ነው?» አሉ ሸይኹ።

ባባ ላቡ በፊቱ ይወርዳል። ማማ ወደ እኔ ዞሩ። ጂኑ አልወጣም ካለ የልጅቷ እግር በዘንጉ ይመታል፤ ዱላው ለጂኑ ነው ይባላል፣ የሚያመው ግን እሷን ነው። ሸይኹ ዘንጉን አነሱ። ዝም ብል ልትመታ ነው፣ ብናገር ደግሞ ደጋሚዋ እኔ ነኝ። ትሪውን መሬት አስቀመጥኩ።

«ጂን የለም፣ የእኔ ቋንቋ ነው» አልኩ በዚያው በወጥ ቤት ዓረብኛዬ። «ፊልሙ ድምፅ የለውም። እኔ ድምፅ ሆንኩ። እሷ ሰማች።»

ያመነኝ የለም። ሸይኹ «አሳዪን» አሉ። አንሶላው ተነሳ፣ ፊልሙ ተከፈተ፣ ልጅቷ እየሮጠች መጥታ እቅፌ ውስጥ ገባች። ስለ ሾርባው በአጎቴ ድምፅ ጀመረች፣ እኔ በእናቴ መለስኩላት። እነሱ የሚያዩት ታየኝ፤ ዲዳ የተባለች ልጅና አንዲት ሐበሻ፣ የሞተች ሴት ድምፅ ለሥዕል ሲያውሱ። ሸይኹ ግን ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ፊልሙን ያያሉ። አባትየው እሳቱ ውስጥ ሲገባ «ይቃጠላል?» ብለው ጠየቁኝ። እንደማይቃጠል ስነግራቸው «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

«ቅድም ስታለቅስ ምን ነበር ያለችው?» አሉኝ ቀጥለው።

«እናቴ፣ ነይ» ብዬ ተረጎምኩ። ባባ ፊቱን በሻሹ ሸፈነ። ማማ እንኳ አንገታቸውን ደፉ። «ይህች ልጅ ጂን የለባትም፣ የምትፈልገው እናቷን ነው» አሉ ሸይኹ። «ያላ፣ ደውሉላት።» እንደተረፍኩ ገባኝ። ልጅቷን እንዳቀፍኩ እዚያው ቀረሁ።

ባባ ደወለና ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ወደ ልጅቷ አስጠጋው። እናቲቱ «ልጄ፣ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» እያለች ታለቅስ ጀመር። ልጅቷ ስልኩን ትንሽ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብላ ጉሮሮዋን ጠረገችና በአማርኛ «እማ፣ ይቺ ሴትዮ ማናት?» አለችኝ።

ቅድም ስትጮህ የጠራችው በሩ ላይ የቆምኩትን እኔን ነበር።

«ተናገረች? ልጄ ተናገረች? ምን አለች?» ትላለች እናቲቱ ከጅዳ። ሁሉም እኔን እኔን ያያሉ።

«ናፍቀሽኛል ትላለች» አልኩ በዓረብኛ።

ልጅቷ አየችኝ። ዓረብኛ መናገሯን እንጂ መስማቷን መቼ አቆመች።

«ላ» አለች ፊቷን ወደ ስልኩ መልሳ፤ አላልኩም ማለቷ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የገባው የመጀመሪያ ቃሏ ይኸው ነበር።